በእጅ የሚታወቅ ቤት

«እንዳትከፍቺ! ስሞትልሽ እማዬ፣ እኔ ሳልልሽ እንዳትከፍቺ!»

ልጇ ከኋላዋ ሆና ዓይኖቿን በሁለት መዳፏ ከድና ወደ ኩሽናው ትገፋታለች። አማቿ፣ የልጇ ባል፣ ሻንጣዋን በትከሻው አንግቶ ስልኩን ደግኖ ወደ ኋላ እየተራመደ ይቀርጻል። ሰፈሩ ሁሉ ስኳሬ እያለ የሚጠራት ይህች ሴት፣ ጣፋጭ እየሠራች ልጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃች፣ በገዛ ቤቷ ውስጥ እንደ ሌባ ልቧ ድው ድው ይላል። ጨለማውን ፈርታ አይደለም። ዓይኗ ተከደነም አልተከደነም ልዩነቱ እንደ ድሮው አልነበረም። የፈራችው መዳፉ ከተነሣ በኋላ የሚመጣውን ነው።

አስቀድሞ የደረሳት ሽታው ነው። ቫርኒሽ፣ ትኩስ ቀለም፣ ሙጫ። አፍንጫዋን ሰንፍጦ ጉሮሮዋ ድረስ ወረደ። ከሰው ቤት ሰንብታ በተመለሰች ቁጥር የሚቀበላት የቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ሽታ የት እንደገባ አልታወቀም።

«በቃ፣ አሁን ክፈቺ!»

መዳፉ ተነሣ። ጠቆር ብሎ ይጠብቃት የነበረው ኩሽና የለም። ዳር ዳሩን ነጭ ነገር ከቧታል፤ መሐሉ ላይ ያው የለመደችው ጉም ተገትሯል። ከጉሙ ጀርባ ምን እንዳለ አታውቅም። ልጇ ግን ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች፤ ስልኩም ይጠብቃል።

«ዋይ!» አለችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይህ አያሳስትም፤ ደስ ያለውም ክው ያለውም ሰው አፉን ይይዛል።

«ትንሽ ያልቅሱልን እንጂ፣ እማዬ» አለ አማቿ። «ያለ እንባ እኮ ቪዲዮ አይታይም።»

እንባው ያለ ልመና መጣ። ልጇ በደስታ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ስኳሬ ቀጥታ የምታየው ነገር ይጠፋባታል። ሰውን ፊት ለፊት ስታይ ፊቱ ይሰረዛል፤ ጆሮውን ስታይ ግን ጉንጩ በጎን ብቅ ይላል። ስለዚህ ሰው ስታናግር ጆሮ ጆሮውን ማየት ለመደች። ሐኪሙ የተጎዳው የዓይኗ መሐል መሆኑን፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የቀረውን ለማቆየት ግን ክትትል እንደሚያስፈልጋት ነገራት። «በሚቀጥለው ልጅ ካለዎት ይዘው ይምጡ» አላት። ልጅ ነበራት። ልጇን ይዛ መሄዷ ቀርቶ ራሷም አልተመለሰችም።

ያስፈራት መታወሩ ብቻ አልነበረም። እዚያው ሰፈሯ ውስጥ እጀ ወርቅ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ሲደክም ልጆቿ እጅግ አዘኑላት፤ አዝነውም መርፌውን ሸሸጉ፣ መቀሱን ሸሸጉ፣ ምድጃው አጠገብ እንዳትደርስ ከለከሏትና በረንዳው ላይ ለስላሳ ወንበር ገዝተው አኖሩላት። ክፉ ልጆች አይደሉም። ሴትዮዋ አሁን ከወንበሩ አትነሣም፤ ሻይ እጇ ላይ ሲያስይዟት ትጠጣለች፣ ሲወስዱባት ትተዋለች። ስኳሬ በዚያ ባለፈች ቁጥር እርምጃዋን ታፈጥናለች። ልጇ ደግሞ አንድ ቀን አብረው ሲያልፉ «ታድላ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚንከባከቧት!» አለች። ከዚያ ወዲያ ስኳሬ አፏን ለጎመች።

አፏን ለጉማም ሥራዋን ቀጠለች፤ ቤቱን በእጇ ታውቀዋለችና። የቤቷ ዕቃ ሁሉ ጉድለት ነበረው፤ ጉድለቱም ዓይን ሆናት። በቡፌው ላይ ስኳር ያለበት መሳቢያ እጀታው ከወለቀ ቆይቷል፤ የሚሳበው በገመድ ነው። የጨዉ መሳቢያ እጀታ ግማሹ ተሰብሮ ጣት ይጭራል። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ልጇ በሕፃንነቷ በቢላዋ የገዘገዘችው ስፍራ አለ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ቀኝ ምድጃው ነው። የምድጃው መክፈቻ ተሸርፏል፤ ሽራፊው ወደ ላይ ከሆነ ጠፍቷል፣ ወደ መስኮቱ ከዞረ እሳቱ መካከለኛ ነው። ጠረጴዛው ራሱ ከእርጅና ብዛት የጠቆረ ስለነበር ነጭ ኩባያ ሲቀመጥበት በዓይኗ ዳር ይለይላታል። ወንበሩ እንኳ ማን እንደተቀመጠበት በሲጥሲጥታው ይናገር ነበር።

«ነይ ላሳይሽ» አለች ልጇ እጇን ይዛ። የልጅቷ መተዳደሪያ ይኸው ነው፤ አሮጌ የቤት ዕቃ ትገዛለች፣ ትፍቃለች፣ ትቀባለች፣ አዲስ ልብስ አልብሳ ትሸጣለች፤ ስታድስ የቀረጸችውን ደግሞ ብዙ ሰው ያይላታል። «የሰውን ቤት እያሳመርኩ የእናቴ ቤት እንዲህ ይሁን? ብዬ እኮ ነው። እይ ጠረጴዛውን፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ያን የገዘገዝኩትን አስቀያሚ ነገር በስቱኮ ደፍኜ፣ ነጭ ቀባሁት። ዳብሺው እስቲ፣ መስታወት ነው!»

ስኳሬ ዳበሰችው። እውነትም መስታወት ነው። ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ አንድም የሚይዘው ነገር አጣ።

«እጀታዎቹን ሁሉንም ነቅዬ ጣልኳቸው። አንዱ ገመድ፣ አንዱ ስባሪ፣ ያሳፍር ነበር እኮ! አሁን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ዱቄቱንም ስኳሩንም ጨዉንም አንድ ዓይነት ብልቃጥ ውስጥ ገልብጬ በእጄ ጻፍኩባቸው። የምድጃውንም መክፈቻ ቀየርኩልሽ።»

«መክፈቻውንም?» ድምፅዋ ሳታስበው ቀጠነ።

«ተሸርፎ ነበራ!»

«እሷ እኮ ልፋ ያላት ናት» አለ አማቿ። «አንድ ቀን እንቅልፍ ወስዶኝ እኔንም ፍቃ ትቀባኛለች ብዬ እፈራለሁ።»

ሁለቱ ሳቁ። ስኳሬም ሳቀች፤ ባትስቅ ያስታውቅባታል።

«ቀለሙስ?» አለች ልጇ። «የቡፌውን ላዩንና ታቹን ለያይቼ ነው የቀባሁት። የቱን የበለጠ ወደድሽው?»

የስኳሬን ጀርባ ላብ አጠመቀው። ላዩ ምን ይሁን፣ ታቹ ምን ይሁን፣ ለእሷ ሁሉም ያው ጉም ነው። ዝም ባለች ቁጥር ልጇ ፊቷን እየመረመረች እንደሆነ ይሰማታል።

«ታቹን» አለች በድፍረት።

«አላልኩህም?» ልጇ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። «አረንጓዴውን ነው የምትወደው አላልኩህም?»

ስኳሬ ትንፋሿን ለቀቀች። ይህን በዕድል አለፈችው። ግን የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ ሌላው ተከትሎ መጣ።

«ደግሞ ሌላ አለልሽ» አለች ልጇ። «አንዲት ባለካፌ ዛሬ ከሰዓት ትመጣለች። ክሬም ካራሜልሽን ልትቀምስ።»

«ዛሬ? አሁን ከመንገድ ገብቼ?»

«አብዳልሻለች እኮ! የትም ቤት ያለውን ዓይነት አልፈልግም፣ የራሷን ነገር የጨመረችበትን ነው የምፈልገው አለችኝ። ከጣማት በየቀኑ ትወስድልሻለች።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምነው ፊትሽ ልክ አይደለም? ከደከመሽ እኔ ልሥራው። አንቺ አረፍ በይ።»

አረፍ በይ። ስኳሬን ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጣት ይህ ቃል ነው። የልብስ ሰፊዋ ወንበር የመጣው በዚህ ቃል ነበር፤ መጀመሪያ አረፍ በይ፣ ቀጥሎ አትነሺ፣ ቀጥሎ ዝም።

«ማን ደከመው?» አለች። «ሽርጤን አምጪልኝ።»

እንቁላሉ ላይ ደህና ነበረች። እንቁላልን ማንም አላደሰውም። እየሰበረች አስኳሉን በመዳፏ ለየች፣ መታች፣ የወተቱን ሙቀት በትንሿ ጣቷ ለካች። ክሬም ካራሜል ያው ወተት፣ እንቁላልና የተቃጠለ ስኳር ነው፤ የትም ቤት አንድ ነው። እሷ ግን ወተቱ ውስጥ የተፈቀፈቀ የብርቱካን ልጣጭ ትጨምራለች፣ ካራሜሉ ላይ ደግሞ ጨው ቆንጠር አድርጋ ትበትናለች። ጨዉ መጀመሪያ በስሕተት የገባ ነው ብለው የሚያሟት አሉ፤ እሷም አታምንም፣ አትክድም።

ብልቃጦቹ ጋ ስትደርስ እንደሚያነብ ሰው አንገቷን ዘንበል አደረገች። ከዚያ ጀርባዋን ለልጇ ሰጥታ አንዱን ከፍታ ቀመሰች። ዱቄት። ቀጣዩን ቀመሰች። ጨው።

«ምን ያስቀምስሻል? ተጽፎበታል እኮ» አለች ልጇ ከኋላዋ።

«እርጥበት ገብቶት እንደሆነ ልየው ብዬ ነው።»

«ደግሞ ከመጣሽ ጀምሮ ጆሮዬን ነው የምታዪው። ጉትቻዬ አላማረሽም?»

«ኧረ በጣም ነው ያማረኝ» አለች ስኳሬ። ልጇ ጉትቻ ማድረጓን ያወቀችው ገና አሁን ነው።

ሦስተኛው ብልቃጥ ስኳር ሆነ። ድስቱ ውስጥ በተነችው፤ ድስቱን ምድጃው ላይ አኖረች። አዲሱ መክፈቻ ድብልብል ነው፤ ላይ የለው፣ ታች የለው። ስታዞረው እሳቱ ቦግ ብሎ ተነሣና ግለቱ አገጯን ገረፋት። ወደ ኋላ አፈገፈገች። ልጇ አይታት ይሆን? አላየቻትም፤ ኩባያዎቹን እያጠበች ነው። መክፈቻውን መልሳ አዞረችው። እሳቱ ረገበ ወይስ ጠፋ? እጇን ወደ ምድጃው አስጠግታ ለካች። ስንት ዘመን እንጀራዋን የበላችበት እሳት ዛሬ እንደማያውቃት ውሻ ሆነባት።

ለስኳር ማቅለጥ ዓይን አያስፈልጋትም ነበር። ስኳር ለአፍንጫ ይናገራል፤ መጀመሪያ ምንም አይልም፣ ቀጥሎ የለውዝ ሽታ ያመጣል፣ ወዲያው ምረት የመሰለ ነገር ሽው ሲል ማውረድ ነው። ዛሬ ግን ጎንበስ ብላ ብትስብ፣ ደግማ ብትስብ፣ የሚመጣው ቫርኒሽ ነው። የቀራት ጆሮ ነበር። እሱንም ብትሰጥ አማቿ የቀረጸውን ቪዲዮ ከነሙዚቃው እየደጋገመ ያጫውታል።

«ዝጋው እስቲ ልጄ» አለች።

«ትንሽ ይጠብቁ፣ እዚች ጋ ሲያለቅሱ በጣም…»

«ዝጋው አልኩህ!»

ሙዚቃው ቆመ። በቤቱ ውስጥ ስኳሬ ጮኻ አታውቅም። ባልና ሚስት ሲተያዩ አላየችም፤ መተያየታቸውን ግን ከዝምታው አወቀች። «ራሴን ወግቶኝ ነው» አለችና ጆሮዋን ወደ ድስቱ ጣለች። ስኳሩ በትልልቅ አረፋ እየፈነዳ ነው። ከዚያ ደቀቅ እያለ መጣ። ከዚያ ረገብ አለ። ይህን ልብ አለች፤ ጨዉን ቆንጥራ በትና ድስቱን አወረደች።

ልጇ ኩባያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች። አዲስ ናቸው፤ ነጭ። ጠረጴዛውም ነጭ። ስኳሬ ዘወር ስትል ኩባያ የሚባል ነገር የለም፣ ጠረጴዛ የሚባል ነገርም የለም፤ የተነጠፈ ጭጋግ ብቻ ነው። በእጇ ያለው ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ካራሜል ከእሳት ከወረደ ወዲያ ሰው አይጠብቅም፤ ይወፍራል፣ ይጠጥራል፣ ያበቃለታል።

ግራ እጇን ልካ የመጀመሪያውን ኩባያ ጠርዝ አገኘች። ጣቷን እዚያ አኑራ ከጣቷ ራቅ አድርጋ አፈሰሰች። ገባ። ሁለተኛውንም አገኘች። ገባ። እስካሁን የያዛት ፍርሃት ትንሽ ላላ፤ ጥፋቱም የመጣው ከመላላቱ ነው። ካራሜሉ ሲወፍርባት ሦስተኛውን ሳትዳብስ፣ በሁለቱ ርቀት ገምታ አዘነበለች። ኩባያው ግን በዚያ በተወለወለ ጠረጴዛ ላይ ሸርተት ብሎ ነበርና፣ ልጇ ሳትናገር እጇን ሰድዳ እየመለሰችላት ነበር።

«እማዬ!»

ጩኸቱ የስኳሬን ልብ ስንጥቅ አደረገው። ኩባያ ወድቆ ተሰበረ። ወንበር ተገለበጠ። ስኳሬ ድስቱን እንደያዘች ቀረች፤ የት እንደምታስቀምጠው አታውቅም፣ ወዴት እንደምትራመድ አታውቅም፣ ካራሜሉ የት እንዳረፈ አታውቅም።

«ምንሽ ነው? ምንሽን ነው የነካሽ? ፊትሽ ነው? ዓይንሽ ነው? ተናገሪ እንጂ!»

ውሃ ሲከፈት ሰማች። ልጇ በጥርሷ መሐል አየር እየሳበች ታቃስታለች። ስኳሬ በዕድሜዋ ብዙ ነገር ፈርታለች፤ መታወርን፣ ወንበሩን፣ የሰው እጅ ማየትን። ያ ሁሉ አሁን ጨዋታ መሰላት። ልጇን አቃጥላ ልጇ ምኗ እንደተቃጠለ ማየት አልቻለችም።

«ጣቶቿ ናቸው» አለ አማቿ በመጨረሻ። «ሁለት ጣቶቿ ላይ ነው፣ እማዬ፤ አይደንግጡ። ቀላ እንጂ ቆዳው አልተነሣም። ውሃው ይፍሰስበት። ድስቱን ይስጡኝ።»

ከእጇ ወሰደላት። ስኳሬ ግድግዳውን ይዛ ወደ ውሃው ድምፅ ሄደች።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ልጇ። እናቷን ለማጽናናት ትታገላለች። «እኔ ነኝ እጄን የከተትኩት። ካራሜል እየፈሰሰ ማን እጁን ይከታል? አንቺ ምን ታደርጊ።»

«እውነቷን ነው» አለ አማቿ። «ቀለም ስትቀባም እንደዚሁ ናት፤ እጇን ያላስነካችው ነገር ያማታል።»

ይኸው መውጫው ተከፈተላት። ልጇ ራሷ ከፍታ ሰጠቻት። ስኳሬ «ተጠንቀቂ እንጂ ልጄ» ብትል ነገሩ እዚያው ላይ ያልቃል። ጣቱ ይድናል፣ ባለካፌዋ ሌላ ቀን ትመጣለች፣ እሷም በቀስታ አዲሶቹን እጀታዎች ትለማመዳለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። በቀጣዩ ጊዜ የምታፈሰው ምን እንደሆነ፣ በማን ላይ እንደሆነ ግን ማን ያውቃል?

«አላየሁትም» አለች።

«እንዴት ታዪዋለሽ? ድንገት ነው እኮ የከተትኩት።»

«ቀስ ብለሽም ብትከቺው አላየውም ነበር። ኩባያዎቹንም አላየሁም። ጠረጴዛውንም አላየሁም። ቡፌውንም።»

ልጇ ያልገባት ይመስላል። «ታቹን ወደድኩት አልሽኝ እኮ።»

«ገምቼ ነው።»

«ገምተሽ?»

«ሐኪሙ የሄደው አይመለስም ብሎኛል። ዳር ዳሩ አለ፤ መሐሉ ጠፍቷል። ፊትሽን ካየሁት ቆየሁ፣ ልጄ።»

ውሃው ይፈሳል። ሌላ ድምፅ የለም። ስኳሬ ጠበቀች። የልጇ ፊት ይቆጣ ይሆን፣ ያለቅስ ይሆን፣ ከእሷ ዞሮ ባሏን እያየ ይሆን፣ ምንም አታውቅም። የጠበቀችው ቁጣ ነበር፤ ይህን ዝምታ ግን አልቻለችውም።

«ዝም አትበይብኝ» አለች። «እንደፈለግሽ ስደቢኝ፣ ዝም ግን አትበይብኝ። ዝም ካልሽ የት እንደቆምሽ እንኳ አላውቅም።»

«እዚህ ነኝ» አለች ልጇ። አሁን ታለቅሳለች። «እዚሁ ነኝ። ብቻሽን? ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን እሳት እየለኮስሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሽ ያሳደግሽኝ አንቺ አይደለሽ? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼሽ።»

«እኔን?»

«አንቺን። ደግ ስለሆንሽ። የልብስ ሰፊዋ ልጆችም ደጎች ናቸው።»

ልጇ ልቧ የመራትን ስታደርግ፣ በደኅናው እጇ የተገለበጠውን ወንበር አንሥታ ወለሉ ላይ እየጎተተች አመጣችው። አዲስ ልብስ ያለበሰችው ወንበር ነው፤ ሲጥ እንኳ አላለም። የእናቷ ጉልበት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ተቀመጪ፣ እማዬ» አለች በለስላሳ ድምፅ። «በቃ ተቀመጪ። እኛ እናስተካክለዋለን።»

የፊት በሩ ተንኳኳ።

«ባለካፌዋ ናት» አለ አማቿ። እንደ ሌላው ጊዜ ቀልድ አላገኘም። «ሌላ ቀን ይምጡ ልበላቸው?»

ስኳሬ ከወንበሩ ፊት ቆመች። እውነቱን ለመናገር መቀመጥ አምሯታል፤ ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ደክሟታል፣ ከአሁን በኋላ የምትደብቀው ነገር የለም። ልጇ እያለቀሰች ትጠብቃታለች። በሩ ደግሞ ተንኳኳ። ስኳሬ በእጇ ፈልጋ የወንበሩን መደገፊያ ያዘችና በቀስታ ከፊቷ ገለል አደረገችው።

«ያን ድስት በሙቅ ውሃ እጠብልኝ» አለችው ለአማቿ። «ከዚያ በሩን ክፈትላት። አንዲት ዓይነ ደካማ ሴት እየሠራችልሽ ነው፣ ታገሺ በላት። መታገስ ካልፈለገች ትሂድ።»

«እንዲሁ ልበላቸው?»

«እንዲሁ።»

ድስቱ ታጠበ። አማቿ ወደ በሩ ሲሄድ ስኳሬ ልጇን በደኅናው ክንዷ በኩል ፈልጋ አገኘቻት።

«ቁስልሽ ካልተሻለው አሁኑኑ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። ንገሪኝ፣ በጣም ያምሻል?»

«ውሃ ውስጥ ሲሆን ይታገሰኛል።»

«እንግዲያው ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ቅጂና እጅሽን ነክረሽ እዚህ አጠገቤ ቁሚ። ከእሳቱ ራቅ ብለሽ። እጅሽን አልፈልገውም፤ ዓይንሽን ነው የምፈልገው። ነገ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን። ዛሬ ግን ቀለሙን ንገሪኝ።»

ልጇ አፍንጫዋን ሳበች። ሳህኑ ከውሃው ስር ሲሞላ ተሰማ፤ ከዚያ እርምጃዋ ቀረበና ቆመ። ስኳሬ ስኳሩን ድስቱ ውስጥ በተነች፣ መክፈቻውን በስሱ አዞረች፣ ትከሻዋን ከልጇ ትከሻ ጋር አስነክታ ጠበቀች። ልቧ አሁንም ድው ድው ይላል።

«አሁንስ?» አለች።

«ገና ነው» አለች ልጇ፤ ድምፅዋ እንባ እንዳረጠበው ነበር። «ገና ነጭ ነው።»